ቀርቀሃው ካለቀ ዘፈኑ ከየት ይመጣል?

በዓል ሲያልፍ ሁለት ነገር ትቶ ያልፋል፤ አንደኛው ትዝታ፥ ሁለተኛው ቆሻሻ ነው። ትዝታውን እንግዶቹ ይዘውት ይሄዳሉ፤ ቆሻሻውን ደግሞ ማዘጋጃ ቤት በማግሥቱ ያስጠርገዋል። ከነዚህ ከሁለቱ ሌላ ሦስተኛ ነገር፥ ማለት ለተደገሰበት አገር ዛፍና ውሃ የሚጠቅም ነገር ትቶ የሚያልፍ በዓል ግን ብዙ አይደለም። ዛሬ በዚህ ዓምድ ከአንባቢዎቻችን ጋር ልንጨዋወት ያሰብነው ስለዚሁ ስለ ሦስተኛው ነገር ነው። ለጨዋታችን የመረጥነው አገር ጋሞ፥ ከተማውም አርባ ምንጭ ነው። የመረጥንበትን ምክንያት አንባቢው እየቆየ ራሱ ያገኘዋል።

አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የተቀመጠች ከተማ ናት። በላይዋ የጋሞ ተራሮች ደመና ተከናንበው ቆመዋል፤ በታችዋ አባያና ጫሞ የሚባሉት ሁለት ሐይቆች ተዘርግተዋል። ሐይቆቹን የሚለያቸውን ቀጭን ኮረብታ ሰው «የእግዜር ድልድይ» ይለዋል፤ ላየው ሰው ስሙ የተጋነነ አይመስለውም። ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ለሚመለከት፥ አባያ ቀላ ብሎ፥ ጫሞ ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ከገደሉ ሥር ለከተማዋ ስም የሆኑት ምንጮች ይፈልቃሉ። እነዚህ ምንጮች ያበቀሉት ጫካ ሥሩ ከመሬት ውስጥ ውሃ ስለሚጠጣ፥ በጋው ምንም ቢከር ቅጠሉ አይደርቅም። ትልልቅ ሾላዎች አሉበት፤ ጉሬዛና ዝንጀሮ ይዘሉበታል። የከተማው ሕዝብ የሚጠጣውም ውሃ ከነዚሁ ምንጮች የሚሳብ ነው።

ይህችን ከተማ በሙዚቃ በኩል ለዓለም ያስተዋወቃት አንድ በዓል ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000ዎቹ ዓመታት «የሺህ ከዋክብት ፌስቲቫል» የተባለ የዘፈንና የጭፈራ በዓል በአርባ ምንጭ ለተከታታይ ዓመታት ተደርጓል። ካዘጋጁትም መካከል አንዱ፥ ስሙን ከጋሞው ትልቅ ተራራ ከጉጌ የወሰደው የአገር በቀል ጥበብና ሙዚቃ ማኅበር ነው። ያን ጊዜ የደቡብ ክልል ይባል የነበረውና በ2015 ዓ.ም. የፈረሰው ክልል ሃምሳ ስድስት ብሔረሰቦች እንደሚኖሩበት ይቈጠር ነበር። ከነዚህም ብዙዎቹ ከኦሞ ሸለቆና ከስምጥ ሸለቆ፥ ከደጋውና ከቆላው እየተነሡ፥ በአውቶቡስና በጭነት መኪና ተጭነው ወደ አርባ ምንጭ ይወርዱ ነበር። ከዚያ በፊት ስማቸውን እንጂ መልካቸውን የማይተዋወቁ ጎረቤታሞች በአንድ ሜዳ ላይ ተያዩ፤ አንዱ የሌላውን ጭፈራ እያየ ሳቀ፥ ተደነቀ፥ ሞከረውም።

ስለዚህ በዓል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ ልብሱ፥ ስለ ላባውና ስለ ዝላዩ ነው። እኛ ግን አንባቢያችን አንድ ሌላ ነገር ልብ እንዲልልን እንለምናለን። ጨፋሪዎቹ በእጃቸው የያዙት ነገር ከምን የተሠራ ነው? ከበሮው ከግንድና ከቆዳ ነው። ጡሩምባው ከቀንድና ከቅል ነው። ዋሽንቱ ከቀርቀሃ ነው። በራሱ ላይ የሰካው ላባ ከሰጎን፥ ትከሻው ላይ የጣለው ቆዳ ከአውሬ ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ሺህ ኮከብ ወደ መድረክ የወጣው ጫካውን በትከሻው ተሸክሞ ነው ማለት ነው። የከተማ ዘፋኝ ማይክሮፎኑ ቢበላሽበት ሌላ ይገዛል፤ የገጠሩ ዘፋኝ ግን ቀርቀሃው ቢያልቅበት ከየትኛው ሱቅ ይገዛዋል?

ለምሳሌ የደራሼን ሰዎች ፊላ እንመልከት። ደራሼዎች የጋሞ ጎረቤቶች ናቸው። ፊላ ማለት ከቀርቀሃ የሚሠራ፥ ረጅምም አጭርም የሆነ የሚነፋ መሣሪያ ነው። ብዙዎቹ ፊላዎች የሚሰጡት አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ወንዶቹ ክብ ሠርተው እየዞሩ፥ እየረገጡ፥ አንዱ «ቱ» ሲል ሌላው «ሩ» እያለ እየተቀባበሉ ይነፋሉ፤ ዜማው የሚወጣው ከአንዱ ሰው አፍ ሳይሆን ከጠቅላላው ክብ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ቢጎድል በዜማው ላይ ቀዳዳ ይበጃል። ብቻውን ቤቱ ተቀምጦ ፊላ ልንፋ የሚል ሰው ቢኖር፥ የሚያሰማው እንደ ጉጉት ያለ አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ይህን ያሰበ ሰው ስለ ማኅበራዊ ኑሮ ስብከት አያስፈልገውም፤ ቀርቀሃው ራሱ ሰብኮታል።

ወደ ጋሞ ደጋ፥ ወደ ዶርዜና ወደ ጨንቻ ስንወጣ ደግሞ ይኸው ነገር በሌላ መልክ ይገኛል። የዶርዜ ሰዎች ሲዘፍኑ ሁሉም በአንድ ድምፅ አይጮኹም። አንዱ ያወጣል፥ ሌላው ከላይ ያጅባል፥ ሌላው ከታች ይይዛል፤ የቀሩት በየራሳቸው መንገድ ይገቡበታል። የፈረንጅ ሊቃውንት ይህን በብዙ ድምፅ የመዝፈን ጥበብ ሰምተው እጅግ ስለተደነቁ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት ቀርጸው በፈረንሳይ አገር በሸክላ አሳትመውታል። እኛ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ወርደን ከዶርዜ ሸማኔ ጋር በጋቢ ዋጋ ስንከራከር፥ ይህ ሰው ፓሪስ ላይ በሸክላ የተሰማ ዜማ ያለው ሕዝብ ልጅ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ሸማኔውም ቢሆን ሥራው ከመሬቱ የተለየ አይደለም። ጥጡ የሚበቅለው ከቆላው ነው፤ ፈትሉ የሴቶች፥ ሽመናው የወንዶች ነው። ቀይ፥ ቢጫና ጥቁር ሆኖ የሚያበራው ዱንጉዛ የሚባለው የጋሞ ልብስ ዛሬ በየአደባባዩ ይታያል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ማንም ይተርተዋል፤ ድሩን ቁጭ ብሎ እውነትም አብሮ የሚያውለው ግን ሸማኔው ነው።

የዶርዜንም ቤት መርሳት አይገባም። ይህ ቤት እንደ ቅርጫት ከቀርቀሃ ተጎንጉኖ፥ በእንሰት ኮባ የሚከደን ረጅም ቤት ነው። ከፊት ለፊት ሲያዩት ኩምቢውን የዘረጋ የዝሆን ራስ ይመስላል። ሽማግሌዎቹም ሲጠየቁ፥ በጥንት ዘመን ዝሆን በዚህ አገር ይኖር ስለነበር የዝሆኑን መልክ በቤት ሠራነው ይላሉ። ምስጥ የቤቱን እግር በበላ ቁጥር፥ የበሰበሰው ከታች እየተቈረጠ ቤቱ በየዓመቱ እያጠረ ይሄዳል። ካስፈለገም ጎረቤት ተሰብስቦ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ጥበቡ ያስደንቃል፤ ነገር ግን ውስጡ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ዝሆኑ ሄዷል፤ የቀረው ቤቱ ነው። ዛሬ የዶርዜ ልጅ ዝሆን ምን ይመስላል ቢባል ወደ አያቱ ቤት ያመለክታል። ነገ ደግሞ ቀርቀሃው ቢያልቅ፥ ቤቱ ምን ይመስል ነበር ቢባል ወደ ምን ያመለክት ይሆን? ወደ ፖስት ካርድ ነዋ!

የጋሞ ሰው ከአውሬም ጋር ያለው ጉርብትና የሚያስቅም የሚያስተምርም ነው። ዳን ስፐርበር የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ በዶርዜ ተቀምጦ ባጠና ጊዜ፥ ነብር ክርስቲያን ነው፥ ጾምም ይጾማል ሲሉ ሰማቸው፤ ይህንንም በመጽሐፉ ጽፎታል። ይሁን እንጂ ዶርዜዎች ረቡዕና ዓርብም ቢሆን ከብቶቻቸውን ከመጠበቅ ቦዝነው አያውቁም! አንባቢያችን ይህን ሰምቶ ቢስቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን ከሣቁ በኋላ ያስብበት። ነብርን እንደ ጎረቤት፥ እንደ ማኅበርተኛ የሚቈጥር ሕዝብ ከነብሩ ይጠነቀቃል እንጂ ዘሩን ለማጥፋት አይነሣም። አውሬን ጠላት ብቻ አድርገን የምናይ እኛ ከተሜዎች ግን፥ ነብር ያየነው ወይ በአጥር ውስጥ ወይ በምንጣፍ ላይ ነው።

አሁን ወደ በዓሉ ነገር እንመለስ። ጋሞዎች «የሺህ ከዋክብት» ከመምጣቱ እጅግ በፊት የራሳቸው ትልቅ በዓል ነበራቸው፤ ዛሬም አላቸው። ይኸውም በመስከረም ወር የሚከበረው ዮ ማስቃላ ነው። ሸማኔው አዲስ አበባም ይሁን ሌላ ከተማ፥ መስቀል ሲደርስ መጠቅለያውን ጠቅልሎ ወደ ደጋው ይወጣል። ከበዓሉ በፊት የተጣላ ይታረቃል፤ ቂም ይዞ ችቦ ማብራት ነውር ነው። በሬ በማኅበር ይታረዳል፤ ሥጋውም በድርሻ ይከፋፈላል። ለሰው ብቻም አይደለም፤ ከብቱም በዓሉን ጠግቦ እንዲውል ቀድሞ የተከለለ የግጦሽ ሣር ይከፈትለታል። የዴሬው ሹማምንት፥ ሃላቃዎቹ፥ ቅቤ ተቀብተው ላባቸውን ሰክተው በክብር ይታያሉ። ዛሬ ይህ በዓል በየቀበሌው ከሚከበረው በላይ በዞን ደረጃ በአርባ ምንጭ ከተማ ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ይከበራል። በመላው ኢትዮጵያ የሚከበረውም የመስቀል በዓል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? በጋሞ በዓል ማለት የመድረክ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ሰውን ከሰው፥ ሰውን ከከብቱ፥ ከብቱን ከሣሩ የሚያስተካክል የዓመት ሒሳብ መዝጊያ ነበር። መድረክ ሠርቶ፥ ድምፅ ማጉያ ተክሎ፥ እንግዳ ጋብዞ የሚደረግ አዲስ በዓል ሁሉ ከዚህ አሮጌ በዓል ሊማር ይገባዋል።

የጋሞ አገር ደንም የተጠበቀው እንዲህ ባለው ሥርዓት ነው። ጋሞ ዴሬ በሚባሉ አርባ ያህል የአገር ማኅበሮች የተከፈለ ነበር፤ እያንዳንዱ ዴሬ የራሱ ካዎ፥ የራሱ ሃላቃዎችና ዱቡሻ የሚባል የመሰብሰቢያ ሜዳ አለው። በየዴሬው ደግሞ የማይቈረጡ ደኖች አሉ። ከነዚህ ደኖች ውስጥ አንዳንዶቹ የሚጸለይባቸው፥ አንዳንዶቹ የአባቶች መቃብር ያለባቸው ናቸው። ከዚያ ውስጥ ዛፍ የቈረጠ ሰው ጎሜ ገባ ይባላል። ጎሜ ማለት ሥርዓትን መተላለፍ የሚያመጣው መዓት ነው፤ በሽታ ሊሆን ይችላል፥ ዝናብ መቅረት ሊሆን ይችላል፥ የከብት መሞት ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ዘበኛ ሳይቀጠርለት፥ አጥር ሳይታጠርለት ደኑ ለብዙ መቶ ዓመት ቆመ። የደን ጥበቃ ባለሙያዎች ዛሬ ወደዚያ ሄደው ሲመለከቱ፥ ሌላ ቦታ የጠፋ አገር በቀል ዛፍ በነዚህ ትንንሽ ደኖች ውስጥ ያገኙታል።

ጥቂት ሰዎች «ይህ ጣዖት አምልኮ ነው፥ ይቈረጥ!» ሲሉ ይሰማሉ። በሃይማኖት ነገር መከራከር የዚህ ዓምድ ሥራ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ እናስታውሳቸው። ወደ ጎጃምና ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ከሩቅ አረንጓዴ ጉብታ ሲያይ፥ ሳይጠይቅ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ያውቃል፤ በዙሪያው ያለው አገር ታርሶ ሲያልቅ ደኑ የተረፈው በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ነውና። የሰሜኑ ሰው ጽድን በታቦቱ ስም ጠበቀ፤ የጋሞ ሰው ደግሞ ዛፉን በአባቶቹ ስም ጠበቀ። የጸሎቱ ቃል ቢለያይም ዛፉ የሚሰጠው ጥላ አንድ ነው። እምነቱን የለወጠ ሰው መጥረቢያውንም ማንሣት አለበት የሚል ሕግ የትም አልተጻፈም።

የጋሞ አባቶች ከመሬቱ ጋር ያላቸው ቃል ኪዳን ወሬ ብቻ አለመሆኑ በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአደባባይ ታይቷል። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ አጠገብ በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ግድያ ደርሶ ነበር። ወሬው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ወጣቱ በቁጣ ነድዶ ለበቀል ወጣ። ሽማግሌዎቹ ግን በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘው ከፊቱ ወጡ፤ በጉልበታቸውም ተንበረከኩ። ሣር የያዘ አባት ተንበርክኮ ሲለምን እሱን አልፎ መሄድ በጋሞ ባህል አይቻልም። ወጣቱም ቁጣውን ዋጠ፥ ተመለሰም። ፎቶግራፉ በመላው ኢትዮጵያ ዞረ፤ ብዙ ሰው አለቀሰበት።

አንባቢያችን ልብ ይበልልን፤ እነዚያ ሽማግሌዎች የያዙት መሣሪያ አልነበረም፥ የታተመ ወረቀትም አልነበረም። ከሜዳ የተነቀለ ሣር ነበር። ለከብት የሚከለለው፥ በበዓል ወለል ላይ የሚጎዘጎዘው ያው ሣር ደም ሊፈስበት የነበረውን ቀን አዳነ። እንግዲህ ተፈጥሮን ማክበር ማለት በጋሞ አገር የሥዕልና የዘፈን ማስጌጫ ብቻ አይደለም። ሣር የሌለው አገር ሽማግሌው በምን ያስታርቃል?

አሁን ደግሞ ደስ የማይለውን ነገር መናገር አለብን። ከአርባ ምንጭ ጫካ በኩል በጀርባቸው እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ወደ ከተማ ሲገቡ ይታያሉ። ሸክሙ ከተሸካሚዋ ይበልጣል። ይህን አይቶ ሴቶቹን መሳደብ ቀላል ነው፤ ፍርድ ግን አይደለም። እንጨቱን የምትሸጠው ለማን ነው? ለከተማው ምድጃ ነው። በበዓል ቀን እንግዳው የሚበላው ዓሣ የተጠበሰው፥ ቡናው የተፈላው በምን እሳት እንደሆነ ብንጠይቅ፥ ስለ ጫካው ያለቀሰው እንግዳ ራሱ ጫካውን ሲበላ ውሎ ይሆናል።

ከደጋው ያለው ነገርም ከቆላው የተለየ አይደለም። በጨንቻ በኩል የሚዘንበው ዝናብ ወደ ተራራው ውስጥ ሰርጎ ከገደሉ ሥር ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ተራራው ልብሱን ሲገፈፍ ግን ዝናቡ የሚሰርግበት ጊዜ አያገኝም፤ አፈሩን ጠርጎ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። የኩልፎ ወንዝ ከተራራው ወርዶ ከተማዋን አቋርጦ ጫሞ ይገባል፤ ሌሎቹም ወንዞች ወደ አባያ ይገባሉ። የአባያ ቅላት ዛሬ የመጣ አይደለም፤ ነገር ግን በያመቱ የደጋው እርሻ አፈር ሲጨመርበት፥ ገበሬው በላይ መሬቱን፥ ዓሣ አጥማጁ በታች ሐይቁን ያጣሉ። ምንጩን የሚያደርቀውና ሐይቁን የሚሞላው አንድ ስሕተት ነው።

ቁልቁለት መሬት ሲቈጣ ምን እንደሚያደርግ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎረቤት በጎፋ ዞን አይተናል። ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ተራራው ተንዶ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት ሊያድን ሮጦ በደረሰ ጊዜ መሬቱ ዳግመኛ ተናደና አዳኞቹንም ቀበራቸው። ከሁለት መቶ የሚበልጥ ሰው አለቀ። የአንድ መዓት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ዛፍ መቈረጥ ማሳበብ ዕውቀት አይደለም። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ገደላማ አገር የሚኖር ሕዝብ ከመሬቱ ጋር ታርቆ መኖር የቅንጦት ነገር ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

አንድ ትንሽ ታሪክ እንጨምር። ከከተማው አጠገብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 የተቋቋመው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ አለ። ስሙን ያገኘው በሜዳው ላይ ከሚያብረቀርቀው ነጣ ያለ ሣር ነው፤ የሜዳ አህያ ይሰማራበታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 እዚያ ሊያጠኑ የመጡ የእንግሊዝ ሰዎች በመንገድ ላይ መኪና የጨፈለቀው የሌሊት ወፍ ያልሆነ፥ ነገር ግን ሌሊት የሚበር አንድ ወፍ አገኙ። ከሬሳው ያተረፉት አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ክንፉን ወስደው ከሌሎች ወፎች ክንፍ ጋር ቢያስተያዩት የሚመስለው ጠፋ። በ1995 ለዓለም የማይታወቅ አዲስ ዘር ነው ተብሎ ስም ወጣለት፤ የሳይንስ ስሙም «ብቸኛ ክንፍ» ማለት ነው። አስቡት እንግዲህ! እግዚአብሔር የፈጠረው አንድ ፍጡር ከሳይንስ ጋር የተዋወቀው በመኪና ጎማ ሥር ነው። በዚያ ጫካና በዚያ ሜዳ ገና ያልተዋወቅነው ስንት ሌላ ነገር አለ? ሳንተዋወቀው የምንቀብረውስ ስንት ነው?

«የተራበ ሰው ባለበት አገር ስለ ዛፍና ስለ ወፍ መዝፈን ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው እንዳለ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በጋሞ ጓሮ ውስጥ ቆሟል፤ እንሰት ይባላል። ዝናብ ሲዘገይ የሚታገሠው፥ ቆጮውና ቡላው ከርሞ የሚበላው፥ ኮባው ቤት የሚከድነው፥ ቃጫው ገመድ የሚሆነው ተክል እሱ ነው። እንሰት ከብት ፍግ ይፈልጋል፤ ከብቱ ሣር ይፈልጋል፤ ሣሩ ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃው ደን ይፈልጋል። ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ሲበጠስ የሚራበው ወፉ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ስለ ዛፍ መዝፈን ስለ ምሳ መዝፈን ነው።

እንግዲህ ነቀፋ ብቻ ተናግሮ መሄድ የሰነፍ ጸሐፊ ልማድ ስለሆነ፥ በአርባ ምንጭም ሆነ በሌላ ከተማ የተፈጥሮንና የጥበብን በዓል ለሚያዘጋጁ ሰዎች የሚመስለንን እንናገራለን።

አንደኛ፥ በዓሉ ዕዳውን ይክፈል። ከበሮ ይዞ የመጣ ማኅበር አንድ ዛፍ፥ ዋሽንት ይዞ የመጣ አንድ የቀርቀሃ ችግኝ ተክሎ ይሂድ። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ መትከል በአገራችን ተለምዷል፤ ያልተለመደው መቍጠር ነው። የተተከለ ሌላ፥ የጸደቀ ሌላ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በዓሉ የሚከፈተው «አምና ከተከልነው ይህን ያህል ጸደቀ፥ ይህን ያህል ደረቀ» በሚል ንባብ ይሁን። የደረቀበት ይፈር፤ የጸደቀለት ይጨብጨብለት።

ሁለተኛ፥ የውሃው መጠን በመድረክ ላይ ይነገር። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ሲጀመር የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር፤ ውሃ መለካት የተወለደበት ሙያ ነው። ተማሪዎቹ ምንጮቹ በየዓመቱ የሚያፈልቁትን ለክተው በበዓሉ ቀን ለሕዝብ ቢያነቡ፥ ሕዝቡ የኳስ ውጤት እንደሚጠብቅ ሁሉ የምንጩንም ውጤት መጠበቅ ይለምዳል። ቍጥሩ የወረደ እንደሆነ የሚያዝን፥ የወጣ እንደሆነ የሚዘፍን ከተማ ምንጩን አያስደርቅም።

ሦስተኛ፥ ሽማግሌዎቹን ለፎቶግራፍ ብቻ አንጥራቸው። ላባቸውን ሰክተው ቆመው እንዲታዩ ሳይሆን፥ ደናቸው ወሰኑ የት ድረስ እንደነበረና ዛሬ የት ድረስ እንደቀረ ተቀምጠው እንዲናገሩ እንጠይቃቸው። ከነሱም ጋር የጋሞን ሥርዓት የሚያጠና ወጣት ይቀመጥና ይጻፍ። ያልተጻፈ ወሰን ሽማግሌው ሲሞት አብሮ ይቀበራል።

አራተኛ፥ እንጨት ተሸካሚዎቹን እናቶች በበዓሉ እናስገባቸው። ከዳርቻ ሆነው የሚያዩት ሳይሆን የሚያተርፉበት ይሁን። የፈተሉትን ፈትል፥ ያዘጋጁትን ዳጣና ቆጮ፥ ያመጡትን ማንጎና ሙዝ የሚሸጡበት ቦታ በመጀመሪያው ረድፍ ይሰጣቸው። ለበዓሉ የሚመጣ እንግዳ አንድ ጋቢ ያለ ክርክር ቢገዛ፥ ምናልባት በዚያ ሳምንት አንድ ሸክም እንጨት ከጫካ ሳይወጣ ይቀራል። ጫካውን ከእናቲቱ ለማዳን አስቀድሞ እናቲቱን ከሸክሙ ማዳን ያስፈልጋል።

አምስተኛ፥ ልጆች ይዘፍኑ፥ ይሣሉ። የጋሞ ልጅ ነብርን፥ አዞን፥ ጉማሬንና ጉሬዛን ይሣል፤ የዛፉን ስም በአያቱ ቋንቋ ይማር። ስሙን የማያውቁትን ዛፍ መቍረጥ ቀላል ነው፤ በስሙ የሚጠሩትን ዛፍ መቍረጥ ግን እጅ ያስራል።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቀው በዓሉን የሚያዘጋጁት ሰዎች አንድ ጥያቄ ራሳቸውን እንዲጠይቁ ብቻ ነው፤ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፥ ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ፥ ከበሮው ከተሰቀለ በኋላ በአገሩ ላይ ምን ቀረ? መልሱ ትዝታና ቆሻሻ ብቻ ከሆነ በዓሉ ደስታ ነበር እንጂ ጥቅም አልነበረም። መልሱ አንድ የቀርቀሃ ቁጥቋጦ፥ አንድ ያልደረቀ ምንጭ፥ አንድ የተጻፈ የደን ወሰን ከሆነ ግን፥ ሺህ ኮከብ ቢወጣ ይገባዋል።

አባቶቻችን «የዐባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ብለው የተረቱት ሀብቱ አጠገቡ ሳለ ለሚቸገር ሰው ነው። ተረቱ በአርባ ምንጭ ልጅ ላይ እንዳይደርስ የሚጠብቁት የጋሞ ተራሮች ናቸው፤ ተራሮቹን ደግሞ የሚጠብቃቸው በላያቸው የሚኖረውና በሥራቸው የሚዘፍነው ሕዝብ ነው። ዘፈኑ ይቀጥል፤ ግን ቀርቀሃውም ይብቀል።